ዳገቱ ላይ የሞቀን ጠዋት

በሐምሌ ወር አንድ ጠዋት፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ሳን ፍራንሲስኮ ካረፉበት ሆቴል አሳፍሬ ወደ ናፓ ሸለቆ ወሰድኳቸው። ከተማውም፣ ድልድዩም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የወይን እርሻም በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሴንት ሄሊና ስንደርስ የመኪናዬ ሙቀት መለኪያ፣ ወደ ሴልሺየስ ሲመነዘር፣ 12 ዲግሪ ያሳይ ነበር። በዲር ፓርክ መንገድ ወደ ሃወል ተራራ ከመታጠፌ በፊት ዞር ብዬ፣ «አሁን ተራራ ልንወጣ ስለሆነ ብርዱ ይጨምራል፤ የያዛችሁትን ደርቡ» አልኳቸው። ሴትየዋ አመስግነው ወፍራም ሹራባቸውን ለበሱ፤ ባለቤታቸውም የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፉ።

ይህን ስናገር ምንም ጥርጣሬ አልነበረኝም። ተወልጄ ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ ሰው፣ መውጣት መብረድ፣ መውረድ መሞቅ መሆኑን የሚነግረው አያስፈልገውም። ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ይጥላል፤ ሲመለስ ይከናነበዋል። ጉምም ለእኔ የከፍታ ነገር ነበር። ጣርማ በር ላይ ፊት ለፊት ያለውን መኪና የሚደብቀው ጉም፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ከኋላ ይቀራል፤ አየሩም በየጥምዝምዙ እየሞቀ ይሄዳል። ሃወል ተራራም ከዚህ የተለየ ይሆናል ብዬ የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም።

መንገዱ ጥድና ባሉጥ በበዛበት ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2020 መጨረሻ ላይ ከዚሁ ከዲር ፓርክ ተነሥቶ ወደ 27,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያቃጠለው እሳት ከሰል አድርጎ ያቆማቸው ግንዶች ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያሉ። በዚያ ጠዋት ግንዶቹ በጉሙ ውስጥ ጥቁር ሰው መስለው አንድ በአንድ ብቅ ይሉ ነበር። ትንሽ እንደወጣን ጉሙ ነጣ፤ ከዚያ ብርሃን ዘለቀበት፤ ከዚያም በአንድ ጥምዝ ላይ ጨርሶ ተቋረጠና ጥርት ያለ ሰማይ ውስጥ ገባን። የሙቀት መለኪያው ቁጥር ዓይኔ እያየው ተለወጠ፤ 14፣ 17፣ ከዚያ 20። ሴትየዋ አንዳች ቃል ሳይናገሩ ሹራባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። መኪናውን ዳር አስይዤ ስወርድ፣ ከበታቻችን ያለው ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር በነጭ ጉም ተሞልቶ፣ ከማዶ ያሉት ተራሮች ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብለው አየሁ። ብርዱ ታች ነበር፤ እኛ ያለንበት ሞቋል።

እንግዶቹ ነገሩን ወዲያው ረስተውታል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። አገር ቤት ለምኔም የማልጠራጠርበት አንድ እውቀት ቢኖረኝ እርሱ ነበርና፣ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም።

የጉሙ መንገድ

ናፓ ሸለቆ ረጅምና ጠባብ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ምዕራብ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ሰፊ በሆነበት በስተደቡብ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ካሊስቶጋ አጠገብ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም የማይበልጥ ስፋት አለው። በምዕራብ የማያካማስ፣ በምሥራቅ የቫካ ተራሮች እንደ ሁለት ግድግዳ ያጥሩታል፤ በሰሜን የሴንት ሄሊና ተራራ ጫፉን ይዘጋዋል። ክፍት የሆነው በደቡብ ብቻ ነው፤ የናፓ ወንዝ የሚፈስሰው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ሰሜናዊ ክፍል ወደሆነው ወደ ሳን ፓብሎ ወሽመጥ ነው። ውሃው በዚያ በር ይወጣል፤ ጉሙ በዚያው በር ይገባል።

ጉሙን የሚወልደው የፓስፊክ ውቅያኖስ ቅዝቃዜ ነው። በበጋ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ፣ ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ፣ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እየገፋ ያርቀዋል፤ በቦታውም ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። እርጥበት ያዘለው አየር በዚህ ውሃ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። በሌላ በኩል፣ በስተምሥራቅ ያለው የካሊፎርኒያ መካከለኛ ሜዳ በፀሐይ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በታች የሚተካው አየር ያስፈልጋል። ያ ምትክ የሚመጣው ከባሕሩ ነው። በባሕሩ ዳር ያለው የተራራ ሰንሰለት አየሩን ይከለክለዋል፤ የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ መግቢያ በሆነው በጎልደን ጌት በኩል ግን እስከ ባሕር ጠለል ድረስ ወርዶ ስለሚቋረጥ፣ ጉሙ በዚያ ገብቶ ወሽመጡን ያቋርጥና ማታ ማታ በናፓ ሸለቆ ሽቅብ ይሳባል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ምክንያቱም ክረምትና በጋ የሚሉት ቃላት እዚህ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። በእኛ አገር ሐምሌ ሰማዩ የሚቀደድበት፣ ወንዝ የሚሞላበት ነው። በናፓ ዝናቡ የሚጥለው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን፣ ወይኑ በሚያብብበትና በሚበስልበት ወቅት ሁሉ ጠብታ ይወርዳል ተብሎ አይጠበቅም። ገበሬው ዝናቡ እንዲቀር የሚጸልይበት አዝመራ ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር።

ሰሜኑ የሚሞቅበት

በትምህርት ቤት በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን አገሩን በከፍታ እንከፋፍል ነበር። ወይና ደጋ በሚለው ስም ውስጥ ወይን እንዳለ ልብ ያልኩት ናፓን ካየሁ በኋላ ነው፤ ወይን የሚስማማው ደጋ እንደ ማለት ነው። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን ምድር በዚህ ስም የጠሩት አባቶቻችን፣ ከፍታውን ያወቁት በሚያበቅለው ነገር ነበር ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ግን ናፓ የት ይገባል? የናፓ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው፤ በሸለቆው ራስ ላይ ያለችው ካሊስቶጋም ከ100 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ትልቁ የሴንት ሄሊና ተራራ እንኳ 1,323 ሜትር ነው። ስለዚህ በእኛ ሚዛን ሸለቆው በረሃ፣ ከፍተኛው ተራራም ቆላ ነው። ሆኖም በዚህ «በረሃ» ውስጥ ውርጭ ሰብል ያቃጥላል።

እዚህ ሙቀትን የሚያከፋፍለው ከባሕሩ ያለው ርቀት ነው። በደቡብ ጫፍ ያለው ካርኔሮስ፣ ስሙ በስፓኒሽ «በጎች» ማለት የሆነው የቀድሞ የግጦሽ ምድር፣ ከወሽመጡ የሚነሣው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሲያንገላታው ይውላል፤ የወይኑ ቅጠሎች ተገልብጠው ነጣ ያለ ጀርባቸው ይታያል። ስለዚህ ቅዝቃዜ የሚወዱት ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ የተባሉት የወይን ዝርያዎች ቤታቸው እዚያ ነው። ወደ ሰሜን በተነዳ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ በኦክቪልና በራዘርፎርድ ካቤርኔ ሶቪኞን ይነግሣል፤ ካሊስቶጋ ስንደርስ ካርኔሮስ ላይ ጃኬት ለብሶ የነበረ ሰው ጥላ ይፈልጋል። በአንድ የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ የመኪናዬ መለኪያ ከ23 ወደ 36 ሲወጣ አይቻለሁ። ወደ ሰሜን ሲሄዱ መሞቅ፣ ይህም ለብቻው አንድ ግልባጭ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች የነበሩት አመሪንና ዊንክለር በ1944 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት በቁጥር አስቀመጡት። የወይን ተክል ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን እድገቱ ስለሚቆም፣ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ በየቀኑ ከዚያ በላይ ያለውን ሙቀት ደምረው የካሊፎርኒያን የወይን ምድር በአምስት መደብ ከፈሉት። ካርኔሮስ በመጀመሪያው፣ ካሊስቶጋ በሦስተኛው መደብ ይገኛሉ። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሦስት መደብ መኖሩ የሚደንቅ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የደነቀኝ፣ አባቶቻችን በከፍታ ያደረጉትን እነርሱ በሙቀት ድምር ማድረጋቸው ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እዚህም ይሠራል፤ የምድር ወገብ አጠገብ ባለ አገር የዓመቱ ሙቀት ብዙ ስለማይለዋወጥ ከፍታ ይበቃል፤ በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ግን አይበቃም።

ስለ አፈሩም ብዙ ይባላል፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ወንዝ ያመጣው፣ ጥንት ከባሕር ሥር የነበረ አፈር በአጭር ርቀት ውስጥ ይፈራረቃል። እኔ ግን አፈር አልተከተልኩም፤ የያዘኝ አየሩ ነበር።

የሃወል ተራራ ጉዳይ የተፈታልኝ በዚህ መንገድ ነው። የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ምንጣፍ ታች ይነጠፋል፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። ከበላዩ ያለው ከሰማይ ወደ ታች እየተጫነ የሚወርድ ደረቅ አየር ሲሆን፣ ሲጨመቅ ይሞቃል። በ1983 እ.ኤ.አ. ሃወል ተራራ የራሱ የወይን ወረዳ ሆኖ ሲታወቅ የታችኛው ወሰኑ 1,400 ጫማ፣ ማለትም 427 ሜትር ገደማ ላይ የተሠመረው ጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሚቀር ነው። ያ ሹራብ የወለቀው አንድ መንግሥት በሕግ ያሠመረውን መስመር ስንሻገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራራው ከሸለቆው ይቀዘቅዛል፤ ሌሊት መልሶ ይሞቃል። የሸለቆው ወይን ቀን ሲግል ሌሊት ሲበርደው ጎምዛዛነቱን ይጠብቃል፤ የተራራው ወይን ደግሞ በስስ አፈር ላይ ትንንሽ ፍሬ አፍርቶ፣ በወፍራም ልጣጩ ጠንካራ ጠጅ ይሰጣል።

የአንድ ሠራተኛ እጅ

ምክንያቱን አውቄ ነበር፤ ነገር ግን ማወቄ አላሳረፈኝም። ያሳረፈኝ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ የሆነ ነገር ነው። ያውንትቪል አካባቢ ጎህ ሲቀድ በአየር ፊኛ የሚበርሩ እንግዶችን ለመውሰድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን እየነዳሁ ነበር። ሰማዩ አንዳች ደመና የለበትም፤ ከዋክብቱ በሙሉ ይታያሉ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ሳደርግ ሄሊኮፕተር የሚያርፍ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ድምፁም አንድ አልነበረም፣ ከየአቅጣጫው ይመጣል። መኪናዬን ከአንድ የወይን ማሳ አጠገብ አቆምኩ። በማሳው መሐል አሥር ሜትር የሚሆን ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የአውሮፕላን የመሰለ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ከታች ያሉት ተክሎች ጣት የማይሞሉ ለጋ ቡቃያዎችን አውጥተዋል።

ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ አንድ ሜክሲኳዊ ሠራተኛ፣ በእንጨት ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ ጎንበስ ብሎ እያነበበ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ብርድ በሆነበት ሌሊት ለምን እንደሚያራግቡ ጠየቅኩት። ሁለታችንም በተማርነው እንግሊዝኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ስለዚህ ቃሉን ለእጁ ተወለት። መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ክንዱን ወደ ማያካማስ ተራሮች አነሣ፤ ከዚያም ቀስ እያለ፣ አንድ ነገር የሚያንሸራትት ይመስል፣ ወደ ታች አወረደው፤ ጉልበቱ አጠገብ ሲደርስ ዘረጋውና አየሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። «ከዚያ ይወርዳል፤ እዚህ ይተኛል» አለኝ።

ያን እጅ ከዚያ በፊት አይቼው ነበር።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በጥቅምት መጨረሻ ውርጭ ባቄላችንን መታው። በወንዙ ዳር ያለው ረባዳ ማሳ፣ ትናንት ለምለም የነበረው፣ በማግስቱ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተኝቶ አገኘነው። በተረተሩ ላይ ያለው ማሳ ግን፣ ከቤታችን በላይ የነበረው፣ አንድም ቅጠል አልጎደለበትም። አባቴን ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ከተረተሩ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ አንሸራተተና፣ «ብርድ እንደ ውሃ ነው፣ ልጄ፤ ይወርድና ማረፊያ ሲያገኝ ይተኛል» አለኝ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አየር በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ተማርኩ፤ ፈተናም አለፍኩበት። ያም እውነት ነው። አባቴ የነገረኝ ግን፣ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ስትለቅ፣ ያ እውነት በሰው ቁመት ላይ የሚገለበጥ መሆኑን ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆነና፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ይዤ ከእርሱ አፍ የሰማሁትን ጣልኩት።

በሐምሌ ያየሁትና በሚያዝያ ያየሁት አንድ አይደሉም። የበጋው ጉም ከባሕር የመጣ ነው፤ የጸደዩ ውርጭ እዚያው ማሳው ላይ የሚወለድ ነው። ሁለቱም ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ መሆኑን ይናገራሉ። ማራገቢያው ነፋስ ለመፍጠር የቆመ አይደለም፤ ከተኛው ብርድ በላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ስቦ ከታቹ ጋር ያዋህደዋል። ውሃ ያላቸው ደግሞ በቡቃያው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይረጩበታል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ስለሚለቅ፣ በበረዶ የተሸፈነው ቡቃያ ከዜሮ በታች አይወርድም። ሠራተኛው እንደነገረኝ ቀደም ባለው ዘመን በየረድፉ መካከል ዘይት በምድጃ ያነድዱ ነበር፤ በጠዋቱም ሸለቆው በጥቁር ጭስ ተሞልቶ ይገኝ ነበር።

ስልኩ

በዚያው ሳምንት አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ዕድሜው ገፍቷል፤ የባቄላውን ነገር ግን አልዘነጋም፤ ስንት ቁና እንደጠፋ ጭምር ነገረኝ። ያየሁትን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«እኛስ እርጥብ ገለባና ኩበት ነበር የምናጨስ» አለ። «ጭሱ ሲቆም ታያለህ፣ አይሄድም። ልክ እዚህ ድረስ ወጥቶ እንደ ጣራ ይዘረጋል።» እጁ የት ድረስ እንደተነሣ ከዚህ ሆኜ አየሁት።

«እነርሱም በፊት ያጨሱ ነበር፣ አባባ» አልኩት።

«ታዲያ መኪናው ያን ጣራ ነው የሚያወርደው?»

አንዳች መጽሐፍ ሳያነብ፣ ሸለቆውንም ሳያይ፣ እኔ ዓመት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። አዎ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ፣ «ሲዞር ድምፁን አሰማኝ» አለኝ።

ለዚያ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብን። ባለፈው ሚያዝያ ሰማዩ የጠራበትን ሌሊት መርጬ ያንኑ ቦታ ቆምኩ፤ ለእኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ለእርሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ስልኩን በመስኮቱ አውጥቼ ወደ ማራገቢያው ዘረጋሁት። ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከኋላው የዶሮና የሕፃናት ድምፅ ይሰማኛል።

«የሚመጣው ነፋስ ሞቅ ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጓንቴን አውልቄ እጄን ወደ ውጭ ዘረጋሁ። ማራገቢያው በምሰሶው ላይ ቀስ ብሎ እየዞረ ስለሚያራግብ፣ ፊቱን ወደ እኔ እስኪመልስ ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ። «ትንሽ ይቆዩ አባባ፣ እየመጣ ነው» አልኩት።